ነፍስን ማናገር ወይስ ነፍስን ማባበል? «አዎንታዊ የራስ ንግግር» በመዝሙር 42 ፊት

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በምዕራብ ጎጃም በማገለግልበት አጥቢያ፣ አንድ ገጽ ወረቀት በፎቶ ኮፒ አባዝቼ ለምእመናን አደልሁ። ወረቀቱ ላይ ጠዋትና ማታ ጮክ ተብለው የሚነበቡ ሠላሳ ዐረፍተ ነገሮች ነበሩ። «ጭንቀት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም»፣ «ቤቴ የሰላም ቤት ነው»፣ «የፈራሁት አይደርስብኝም»፣ «እኔ ዋጋዬ ከፍ ያለ ሰው ነኝ» የሚሉ ይገኙባቸዋል። ድርሰቱ የእኔ አልነበረም። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው በእነዚያ ወራት ስብከት ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ፣ ከከተማ ወደ ከተማ በሜሞሪ ካርድ ይጓዝ ስለ ነበር፣ እንዲህ ካለ አንድ ስብከት እየሰማሁ የገለበጥሁት ነው። ምንጩን አልመረመርሁም። ሰው ተጨንቋል፤ የሚያጽናና ነገር ተገኘ፤ አደልሁ።

ጭንቀቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ከሆስፒታል ምንጭ ተጠቅሶ ተዘገበ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነች ከተማ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ተመልሶ መግባቱን እርግጠኛ አይሆንም ነበር። እንግዲህ የመንግሥቱ አዋጅ በደጅ፣ የእኛ «አዋጅ» በጓዳ ይነበብ የነበረው በዚህ ጊዜ ነው።

ወረቀቱን ከወሰዱት መካከል ከገበዝ ማርያም እየመጡ ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው እያነበበችላቸው በቃላቸው አጠኑት። ወንድ ልጃቸው ከቤት ከወጣ ወራት አልፈውት ነበር፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ቡና አፈሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያንን ወረቀት ሳላስታጉል እለዋለሁ። ግን አፌ ሲለው ሆዴ ይስቅብኛል። አላለቅስም እንግዲህ፤ ያለቀሰ ሰው የተናገረውን አፈረሰ ብላችኋል። ለሰውም አላወራም። አሁን ማታ ማታ ደረቴን ያፍነኛል።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቡና በኋላ የተጻፈ ነው። ሰው ከራሱ ጋር መነጋገሩን አልነቅፍም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከነፍሳቸው ጋር በሚነጋገሩ ሰዎች የተሞላ ነው። የምነቅፈው በቤተ ክርስቲያኖቻችን «የእምነት ንግግር» ተብሎ የተስፋፋውን፣ እኔም ሳልመረምር ያሰራጨሁትን ልማድ ነው። ይህ ልማድ ነፍስን የሚያናግር ይመስላል እንጂ አፏን የሚዘጋ ነው። አፏ የተዘጋ ነፍስ ደግሞ ለእግዚአብሔርም አትናገርም።

ወረቀቱ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ብንከተለው ረጅም ነው። ኤሚል ኩዌ (1857–1926 እ.ኤ.አ.) የሚባል የፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚ በናንሲ ከተማ ለሕሙማን አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ያስጠና ነበር፤ ሐሳቧ በየቀኑ በሁሉም ነገር እየተሻለኝ ነው የምትል ናት። ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ እንድትባል፣ ቁጥሩም እንዳይሳሳት 20 ቋጠሮ ባለው ክር እንድትቆጠር ይመክር ነበር። (መቁጠሪያን ባዕድ ነገር አድርገን የምናይ ወንጌላውያን የኩዌን ክር ሳናውቀው ተቀብለናል።) የኒው ዮርኩ ሰባኪ ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ አዎንታዊ አስተሳሰብ ኃይል በሚናገረው መጽሐፉ ይኸንኑ ዘዴ ጥቅስ አለበሰው፤ በራሱ የማይተማመን ሰው ፊልጵስዩስ 4፥13ን ደጋግሞ እንዲል አስተማረ። በሌላ መስመር ኢ. ደብሊው. ኬንየን (1867–1948)፣ ከእርሱም ብዙ የወሰደው ኬኔት ሄገን (1917–2003) ንግግር ራሱ ነገሩን ወደ መኖር ያመጣል የሚለውን ትምህርት አስፋፉ። ዲ. አር. ማኮኔል በ1988 ባወጣው ጥናት የኬንየን ሥር «አዲስ አስተሳሰብ» ከሚባለው ከክርስትና ውጭ ከሆነ እንቅስቃሴ እንደሚመዘዝ ሞግቷል። ኬንየን ይበልጥ የዘመኑ ወንጌላውያን ልጅ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም ስላሉ እዚህ ላይ ድርቅ አልልም። ትምህርት በትውልድ ሐረጉ ብቻ አይፈረድበትም፤ በፍሬውና በቃሉ ይመዘናል።

ፍሬውን በተመለከተ የሥነ ልቦና ሰዎች ያገኙት ነገር እኔን አስደንግጦኛል። ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የደወል ድምፅ በሰሙ ቁጥር «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ሐሳብ ያለውን ዐረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደግሙ ተደረገ። ቀድሞውኑ ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ሰዎች ጥቂት ተሻላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ምንም ካልደገሙት ባሰባቸው። መድኃኒቱ የሠራው ላልታመመ ሰው ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» እንላለን። ሌማቱ ባዶ መሆኑን ሆድ እያወቀ አፍ ዶሮ ቢያውጅ፣ ንግግሩ ረኀቡን ያስታውሰዋል እንጂ አያጠግበውም። የቡሬዋ እናት ጥናቱን ሳያነቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረውታል።

ከዚያው ጥናት ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ሌላ ውጤት አለ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ካላቸው መካከል፣ ዐረፍተ ነገሩ እንዴት እውነት እንደሆነ ብቻ እንዲያስቡ ከታዘዙት ይልቅ፣ እንዴት እውነት እንደሆነም እንዳልሆነም እንዲያስቡ የተፈቀደላቸው ደኅና ሆነው ተገኙ። ይህን ሳነብ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው መዝሙረ ዳዊት ነው።

እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ በፊት ስለ ገዛ አገራችን ንግግር ትንሽ ልበል። በጎጃም ባላገር ሰው ከራሱ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት ያረጁ መንገዶች አሉ፤ ፉከራና እንጉርጉሮ። ፉከራ የአደባባይ ነው። ሰውየው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ ራሱን በአባቱ ስም፣ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉት። እንጉርጉሮ ግን የጓዳ ነው። ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት፣ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፣ ሰው በሌለበት ለሆዱ የሚያሰማው ነው። ፉከራ ልብ ያሞቃል፤ እንጉርጉሮ ልብ ያስተነፍሳል። ሁለቱም ለአንድ ሰው ያስፈልጉታል። የእኛ ስብከት የወሰደው ፉከራውን ብቻ ነው። እንጉርጉሮን «አሉታዊ ንግግር» ብለን ከቤተ ክርስቲያን አስወጣነው።

ፉከራውንም ቢሆን በትክክል አልወሰድነውም። አባቶቻችን የሚፎክሩት በሆነ ነገር ነው። ፎካሪው የዋለበትን ጦር ሜዳ ይጠራል፤ ምስክር አብሮት ቆሟል፤ ያልዋለበትን የሚጠራ ሰው መሳቂያ ይሆናል። በወረቀቴ ላይ የነበሩት ሠላሳ ዐረፍተ ነገሮች ግን ያልተዋለበት ውጊያ ፉከራ ነበሩ። ይህ በሐዲስ ኪዳንም ዐይን ያስነቅፋል። ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 ተቃዋሚዎቹ በሚፎክሩበት ስልት ሲፎክር የሚጠራው ገድል ምን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ግርፋቱን፣ የመርከብ መሰበሩን፣ ረኀቡን ይዘረዝርና ሌሊት በቅርጫት ሆኖ በደማስቆ ቅጥር መስኮት ወርዶ ማምለጡን ነግሮ ይጨርሳል። በጎጃም ሰርግ ላይ ተነሥቶ «በቅርጫት አወረዱኝ!» ብሎ የሚፎክር ሰው ቢገኝ ሰው ምን ይል ነበር? ጳውሎስ ግን አውቆ ነው። በገላትያ 6፥14 ከመስቀሉ በቀር ሌላ መመኪያ እንደሌለው ይናገራል። ውጊያውን የዋለው ሌላው ነው፤ እኛ በእርሱ እንጠራለን። ለራሱ የሚሰጠው ግምት የተሰበረ ምእመን ለራሱ ሊነግረው የሚገባው ነገር ካለ ይህ ነው፤ «እኔ ዋጋዬ ከፍ ያለ ነው» ከማለት በፊት ማን፣ መቼ፣ በምን ዋጋ እንደ ገዛው። ይህ የተፈጸመ ነው፤ ምስክርም አለው።

አሁን ወደ መዝሙር 42። ከ43 ጋር አንድ መዝሙር መሆኑን አዝማቹ ያሳያል፤ ዘማሪው ነፍሱን ለምን እንደምታዝን የሚጠይቅበት፣ በእግዚአብሔርም ተስፋ እንድታደርግ የሚያዝዝበት ቃል ሦስት ጊዜ ይመላለሳል (42፥5፣ 42፥11፣ 43፥5)። ማርቲን ሎይድ ጆንስ ወደ ስብከት ከመግባቱ በፊት ሐኪም የነበረ ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. በወጣው ስለ መንፈሳዊ ድባቴ በሚናገረው መጽሐፉ ከዚህ መዝሙር ይነሣል። ዋናው ችግራችን ራሳችንን ከማናገር ይልቅ ራሳችን ሲናገረን ቁጭ ብለን መስማታችን ነው ይላል። ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው፤ ብዙ አገልጋዮችም ይጠቅሱታል። በእኔ እምነት ግን ከመጽሐፉ ተቆርጦ በስብከታችን ሲዞር ግማሹ ይጠፋል። ዘማሪው ነፍሱን ሰምቷታል። በአዝማቾቹ መካከል እንባው ቀንና ሌሊት ምግብ እንደ ሆነለት ይናገራል (42፥3)፤ ማዕበል በላዩ እንዳለፈ ይናገራል (42፥7)፤ እግዚአብሔርን ለምን ረሳኸኝ ብሎ በፊቱ ይጠይቃል (42፥9)። በእኛ ወረቀት መመዘኛ ቢሆን ይህ ሰው የተናገረውን በየአንቀጹ እያፈረሰ ነው።

ደግሞም አዝማቹ ሦስት ጊዜ መመላለሱ ራሱ ይናገራል። አንዴ ተብሎ ቢሠራ ኖሮ ሁለተኛው ባላስፈለገ። ነፍሱ አልተጽናናችም፤ እንደገና ጠየቃት፤ እንደገናም ታውካለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል የተለወጠው፣ ንግግሩ ወደ እግዚአብሔር መዞሩ ነው፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ የሚል ልመና ገባበት (43፥3)። ነፍሱን የሚመራት የእርሱ ድምፅ አለመሆኑን ዘማሪው ያውቃል።

የግሡን ጊዜም አንርሳ። የእኛ አዋጅ የወደፊቱን በኃላፊ ጊዜ ያስነግራል፤ ገና ለታመመው «ተፈውሻለሁ»፣ ልጇ ላልተመለሰው «ልጄ በሰላም ገብቷል»። ዘማሪው ግን የሚለው ገና እንደሚያመሰግን ነው። አሁን አያመሰግንም፤ አመስግኛለሁ ብሎም አይዋሽም። በዚያች በ«ገና» ውስጥ ኀዘኑም ተስፋውም ሳይገፋፉ ይቀመጣሉ። የዉድ ተመራማሪዎች እውነት እንደሆነም እንዳልሆነም እንዲያስቡ ሲፈቅዱ ሳያውቁት የነኩት ይህን ቦታ ይመስለኛል።

«ነፍሴ ሆይ» የሚለው አጠራርም አንድ ነገር ይሠራል። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አስጨናቂ ነገር ፊት የቆሙ ሰዎች «እኔ» እያሉ ከሚያስቡ ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው ወይም «አንተ»፣ «አንቺ» እያሉ ቢያናግሩ ጭንቀታቸው ቀለል እንደሚል ታይቷል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። «ኧረ ተው አንተ ሰው!» እያለ መንገድ የሚሄድ ገበሬ፣ «አይ ሆዴ» እያለች የምትፈጭ ሴት ይህን ታውቃለች። ሥነ ልቦና መዝሙሩን አረጋገጠልን ልል አይደለም፤ መዝሙሩ ማረጋገጫ አይፈልግም። ነገር ግን ዘዴው የሚጠቅመው ነፍስን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስለሚያናግራት መሆኑ ግልጽ ነው። ወረቀቴ ላይ «ነፍሴ ሆይ» የሚል አንድም አልነበረም፤ ሠላሳውም «እኔ» ነው።

ነፍስን ማናገር ሁሉ ደግሞ መልካም አይደለም። በሉቃስ 12 ያለው ባለጠጋ ለነፍሱ የተናገረው በአዎንታዊነት የሚወዳደረው የለም፤ ብዙ በረከት አለሽ፣ ዕረፊ፣ ደስ ይበልሽ ዓይነት ነው። እግዚአብሔር ግን ሰነፍ አለው። በራእይ 3፥17 የሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ባለጠጋ ነኝ ትላለች፤ ይህም ራስን የሚያበረታታ ንግግር ነው። ከመዝሙር 42 የሚለያቸው በሁለቱ ንግግሮች ውስጥ እግዚአብሔር አለመኖሩ ነው።

ወንድሞች ሮሜ 4፥17ን እንደሚያነሡ አውቃለሁ፤ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ስለ መጥራት። በዚያ ቁጥር ውስጥ የሚጠራው ግን እግዚአብሔር እንጂ አብርሃም አይደለም። ሁለት ቁጥር ወረድ ስንል አብርሃም ምን እንዳደረገ እናገኛለን፤ የ1954ቱ አማርኛ ትርጉማችን አብርሃም እንደ ምውት የሆነውን ሥጋውን በእምነቱ ሳይደክም እንደ ተመለከተ ይናገራል። በኪንግ ጄምስ ትርጉም ግን አልተመለከተም ነው የሚለው፤ የእምነት ንግግር ትምህርትም ከዚያ ትርጉም ብዙ ጠጥቷል። ልዩነቱ ከግሪክ ቅጂዎች የመጣ ነው፤ ሲናይቲከስና ቫቲካኖስን የመሳሰሉት ቀደምት ቅጂዎች አሉታው የላቸውም። እንግዲህ አማርኛ አንባቢ በዚህ ቦታ ከብዙ አሜሪካውያን ሰባኪዎች የተሻለ ጽሑፍ በእጁ ይዟል። የአብርሃም እምነት የገዛ ሥጋውን አይቶ ያመነ እምነት ነው። ፒል የሚያስደግመው ፊልጵስዩስ 4፥13ም ቢሆን ከፊቱ ያለው ቁጥር ስለ ረኀብና ስለ ማጣት ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 8 ልናስባቸው ከሚገቡን ነገሮች የመጀመሪያው «እውነተኛ» የሆነው ነው፤ ደስ የሚያሰኘው አይደለም።

በአጥቢያችን ዙሪያ ያለው ሰው አብዛኛው ኦርቶዶክሳዊ ነው፤ እኛ ጥቂቶች ነን። ማለዳ ስወጣ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አጥር ሥር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ እሰማለሁ። የዳዊቱ መጽሐፍ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል፤ በግዕዙ ቁጥር 41ኛ የሆነው ይህ መዝሙርም ቀኑ ሲደርስ ይደርሳል። ሽማግሌው ደስ ያላቸው ቀን ቢሆን ያዝናሉ፤ ያዘኑ ቀን ቢሆን «ሃሌ ሉያ» ይላሉ። ልባቸው የመረጠላቸውን ብቻ አይሉም። ብዙ ልዩነት አለን፤ ይህን ግን ቀናሁባቸው። እኛ ከ150 መዝሙር አሥራ አምስት የሚያህሉ የድል ጥቅሶችን ለቅመን የቀረውን ለማን ተውነው?

ለአገልጋዮች ጥቂት ተግባራዊ ነገር ብል፣ የሚጨነቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ትላለህ ለራስህ?» ነው፤ ከዚያም መልሱን ሳያቋርጡ መስማት። ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ያንኑ ምሬት ሁለት ጊዜ ተናግሯል (ቁጥር 10 እና 14)፤ እግዚአብሔር ንግግርህን አስተካክል አላለውም። ከዚያ በፊት እንቅልፍና እንጎቻ ሰጥቶት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሥራና ኤልሳዕን ሰጠው። ሰውየው ለራሱ የሚለው ነገር ውሸት ሲሆን ቀስ ብሎ በእውነት ይመለስለታል፤ «እግዚአብሔር ጠልቶኛል» ለሚል ሮሜ 8 አለ። የሚለው እውነት ሲሆን ግን፣ ልጄ የት እንዳለ አላውቅም እንደ ማለት፣ በጥቅስ አይሸፈንም። እንቅልፍ ለሳምንታት የጠፋበትን፣ ደረቱ የሚታፈንበትን፣ መሞት የሚያምረውን ሰው ደግሞ አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ አለብን፤ እኔ ይህን ለእኚያ እናት ያደረግሁት ዘግይቼ ነው።

ወረቀቱን ሰበሰብሁት። ጥቂቶች ተቆጡ፤ እምነታችንን አወረድኸው አሉኝ፤ አንዱ ወንድም እስካሁን አልመለሰልኝም። በምትኩ ረቡዕ ረቡዕ በእናቶች ጸሎት አንድ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናነባለን፤ ከዚያ የፈለገ በራሱ ቃል ለእግዚአብሔር ይናገራል። መዝሙር 42ን ያነበብን ቀን እኚያ እናት አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና በእንጉርጉሮ ዜማ፣ ወፍጮ ላይ እንደሚባለው፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ጸለዩ። ረጅም ነበር። ሌሎቹ ሴቶች እንደ ለቅሶ ቤት ይቀበሏቸው ጀመር፤ እኔ ተው ልል አፌን ከፍቼ መለስሁት። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው «ያቺን ነፍሴ ሆይ የምትለዋን ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምሁላቸው። ልጃቸው ይህን እስከምጽፍ አልተመለሰም።